ሠላሳ አራት ጨዋታ፣ ዜሮ ደቂቃ

ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሃያ ሁለት ደቂቃ ላይ፣ የጀርመን ሊግ ባለቀበት የግንቦት ቀን፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ካለች አንዲት ጠባብ ስቱዲዮ፣ ዮናስ የሚባል ተጫዋች ዓመቱን ሙሉ አንድም ደቂቃ ሳይጫወት መጨረሱን በሬዲዮ ተናገርኩ። ተጫውቶ ነበር።

የዚህን ነገር እውነት እስካለፈው ሳምንት ድረስ ለማንም አልተናገርኩም። ለባለቤቴ አልተናገርኩም። ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም፤ ሁለት ጊዜ ሁዳዴ ገብቶ ሁለት ጊዜ ፊታቸው ቆሜ ሌላ ሌላውን ስዘረዝር ይህችን ዘልያታለሁ። የሥራ ስህተት ናት፣ ኃጢአት አይደለችም ብዬ። ማን ነው ይህን የወሰነው? እኔው ነኝ። ጥፋቱን ያጠፋሁት እኔ፣ ዳኛውም እኔ፣ ነፃ ያወጣሁትም እኔ።

ዘገባ ስጽፍ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። አዲስ አበባ ጋዜጣ ላይ ጀመርኩ። እዚህ አሜሪካ ከመጣሁ ወዲህ ከሰኞ እስከ አርብ የአንድ አፓርትመንት ጥገና ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ፤ ቅዳሜ ቀን በአማርኛ ሬዲዮ ስፖርት አቀርባለሁ። የሚያውቁኝ ሰዎች ስለ እኔ ሁለት ነገር ይላሉ፤ አይደነግጥም፣ አይሳሳትም። ሁለቱንም ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ ስሰማ ያንገሸግሸኛል።

የክለቡን ስም አልጠራም፤ እሱ ምንም አላጠፋም። በጀርመን ከፍተኛ ሊግ አሥራ ስምንት ክለቦች አሉ። ይህኛው በዚያ ዓመት ከስምንተኛና ከአሥራ አንደኛ ደረጃ መካከል ወጥቶ አያውቅም። አንድ ያሸንፋል፣ አንድ ይሸነፋል፣ አንድ አቻ ይወጣል። ሚያዝያ ሲጋመስ ዋንጫም፣ የአውሮፓ ውድድርም፣ መውረድም የማይመለከተው ክለብ ሆኖ ነበር። የቀሩትን ጨዋታዎች የሚጫወተው ፕሮግራም ስለወጣላቸው ብቻ ነው።

ታዲያ ሜሪላንድ ተቀምጬ ስለዚህ ክለብ በየሳምንቱ ለምን አወራ ነበር? በአንድ አድማጭ ምክንያት።

በዚያ መኸር፣ ፕሮግራሜን ጨርሼ ስወጣ አንድ ሰው ደወሉልኝ። ጋሽ ወንድይፍራው ይባላሉ። ዕድሜያቸው ከሰባ አልፏል፤ ከእኛ ወንዝ ማዶ ባለችው አሌክሳንድሪያ ከልጃቸው ከትርሲት ጋር ይኖራሉ። ከዚያ በፊት ብዙ ዓመት ጀርመን ነበሩ። እዚያ አንድ ወንድ ልጅ ወልደዋል፤ ከእናቱ ጋር ሲለያዩ ልጁ አሥር ዓመቱ ነበር።

«ጋዜጠኛው፣ የጀርመኑን ኳስ ስታወራ የቀዳሚዎቹን ብቻ ነው የምታወራው» አሉኝ። «መሐል ሰፈር ያሉት ሰው አይደሉም?»

«የትኛውን ክለብ ፈልገው ነው፣ ጋሼ?»

ነገሩኝ። ልጃቸው እዚያ ነው፤ የግራ ተመላላሽ፣ ቁጥር ሠላሳ አንድ፣ ሃያ ሁለት ዓመቱ፣ ዮናስ። «እስካሁን ተጠባባቂ ወንበር ላይ ነው። ግን ይገባል። ሲገባ እንዳያመልጠኝ ነው። ዓይኔ ግላኮማ በልቶታል፤ ቴሌቪዥኑን ብከፍተው ጉም ነው። አንተ ካልነገርከኝ ማን ይነግረኛል?»

ይህን ዓረፍተ ነገር ደግማችሁ አንብቡት። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ደግሜዋለሁ።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ለክለቡ ሦስት ደቂቃ መደብኩ። ጋሽ ወንድይፍራው ማክሰኞ ማክሰኞ እየደወሉ ይጠይቁኝ ነበር። አሰልጣኙ ምን ዓይነት ሰው ነው? ከእሱ ፊት ያሉት ሁለቱ ተመላላሾች ጤናቸው እንዴት ነው? «ሰው እንዲጎዳ አልመኝም» ይሉና ቀጥለው፣ «ጉንፋን ግን ማንንም አይገድልም» ይላሉ። ልጁ ራሱ በወር አንዴ ይደውልላቸዋል። እንዳልተጫወተ መናገር ስለሚከብደው ስለ አየር ሁኔታ ያወራሉ። እውነቱን የሚሰሙት ከእኔ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ጨዋታ የምናይበት ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ ካፌ አለ። እዚያ ታክሲ የሚነዳው ዳኒ ክለቡን «ዘጠነኛ» ብሎ ስም አወጣለት።

«አንተ ጋዜጠኛ፣ ዘጠነኛህ እንዴት ዋለ?»

«አቻ።»

«ኧረ ይኼ ክለብ ወርዶ አንዴ ቢያለቅስ ይሻለዋል! ሳይታመም ሳይድን ዓመቱን ጨረሰው እኮ።»

ካፌው በሙሉ ይስቃል። እኔም እስቅ ነበር። ቀልዱን ሬዲዮ ላይ ወስጄ ተናግሬዋለሁ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። በእኛ ሙያ ዘገባን ቀድሞ ማዘጋጀት ነውር አይደለም። ጨዋታው የሚያልቀው ለስቱዲዮ ሰዓት ሲቃረብ ከሆነ አብዛኛውን ቀድመህ ትጽፋለህ፤ ከዚያ የሆነውን አይተህ ታስተካክላለህ። የሥራው ሕግ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያውን ሠርቶ ሁለተኛውን የተወ ሰው ዘጋቢ አይደለም፤ ልብ ወለድ ጸሐፊ ነው።

ሊጉ በሚያልቅበት ቅዳሜ ዘጠኙም ጨዋታ በተመሳሳይ ሰዓት ይጀመራል፤ በእኛ ከጠዋቱ ሦስት ተኩል። ዋንጫው ገና አልተለየም ነበርና ሁሉም ሰው የሚያየው ሌላ ጨዋታ ነው። እኔም ያንን ለማየት ወሰንኩ። የዘጠነኛን ዘገባ አርብ ከሥራ መልስ ጻፍኩት። ለውጤቱ ብቻ ባዶ ቦታ ተውኩ። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ ራሴን ወደድኩት፦ «የሠላሳ አራት ጨዋታ፣ የዜሮ ደቂቃ ተጫዋች፤ ክለቡ የትም ሳይደርስ፣ እሱም ከወንበሩ ሳይነሳ ዓመቱ አለቀ።» ጮክ ብዬ አነበብኳት። አማረችኝ።

ቅዳሜ ስልኬን ድምፅ አጥፍቼ፣ ካፌ ተቀምጬ የዋንጫውን ጨዋታ አየሁ። ሲያልቅ እየተራመድኩ ስቱዲዮ ገባሁ። የዘጠነኛን ውጤት አየሁ፤ አንድ ለአንድ። ባዶው ቦታ ላይ ሞላሁት። ከውጤቱ ሥር ተቀይረው የገቡ ተጫዋቾች ስም አለ። ጣቴን አንዴ ወደ ላይ ብገፋው ይታየኝ ነበር። አልገፋሁትም። ስድስት ሰዓት ከሃያ ሁለት ላይ ዘገባውን፣ ያቺን ዓረፍተ ነገር ጨምሬ፣ አነበብኩ።

ስሙኝ፤ ሳያውቅ ነው የተሳሳተው እንዳትሉ። የስፖርት ዘጋቢ ሆኖ ይህን የማያውቅ የለም፦ ምንም በማይጠይቅ የመጨረሻ ጨዋታ አሰልጣኝ ዓመቱን ሙሉ ያላሰለፈውን ልጅ ያስገባል። ልማድ ነው። ዮናስን ሜዳ ሊያስገባው የሚችለው አንድ ነገር የክለቡ ተራ መሆን ብቻ ነበር። ላለመውረድ ቢንቀጠቀጡ ኖሮ አይገባም። ለአውሮፓ ቢሮጡ ኖሮ አይገባም። ዘጠነኛ ስለሆኑ ገባ። ያ ስንስቅበት የከረምነው ተራ ዓመት ለአንድ ሰው በሩን የሚከፍተው በዚያ ቀን ነበር፤ እኔ ደግሞ በዚያ ቀን ፊቴን አዙሬ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ስንፍና ነው። ስንፍና ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

ሰኞ በምሳ ሰዓት የዓመቱን መዝገቤን ለመዝጋት የጨዋታውን ሙሉ ዝርዝር ከፈትኩ። ሰማንያ አንደኛው ደቂቃ፣ ቁጥር ሠላሳ አንድ ገባ ይላል። ሌላ ገጽ ከፈትኩ። ያው ነው። የክለቡን የራሱን ገጽ ከፈትኩ። ያው ነው፤ ሲገባ የተነሳው ፎቶግራፍም አለ። ሦስት ምንጭ አረጋገጥኩ፤ በሙያዬ ደንብ መሠረት። ከዚያ ኮምፒውተሩን ዘጋሁና ሳንድዊቼን ጨረስኩ። እርማት ቅዳሜ ይነበባል አልኩ። ደግሞ ሊጉ አልቋል፣ ማን ያስታውሰዋል አልኩ። እውነተኛው ምክንያት ግን ሁለቱም አልነበረም። አይሳሳትም የሚባለው ሰው፣ ጨዋታውን ሳያይ እንደዘገበ እንዲታወቅበት አልፈለገም።

ማክሰኞ ጋሽ ወንድይፍራው ደወሉ።

«ጋዜጠኛው፣ ቅዳሜም ሞክሬህ አላነሳህም።»

«ይቅርታ ጋሼ፣ ቅዳሜ ስልኬን ድምፅ አጠፋዋለሁ።» ዘገባውን ሰምተው ሊወቅሱኝ የደወሉ መስሎኝ ነበር።

«ይሁን። አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ አትደብቀኝ። ዮናስ ቅዳሜ ደውሎ ገብቻለሁ አለኝ። አንተ አልገባም አልክ። ጨዋታውን አይተኸዋል?»

«አይቻለሁ።»

«ገባ?»

እውነቱ አፌ ላይ ነበር፤ ሁለት ቃል ነው፣ «ገብቷል፣ ተሳስቻለሁ»። ይቆጡኝ ይሆናል፣ ቀጥሎ ግን ይስቁ ነበር፣ ቀጥሎ ያለቅሱ ነበር። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር።

«አልገባም፣ ጋሼ» አልኩ።

የሴት ድምፅ ገባ። «ሰላም፣ ትርሲት ነኝ፣ ስፒከር ላይ ነህ። እኔ እኮ ስልኬ ላይ ቼክ አድርጌ ነበር። ገብቷል ይላል።»

«እነዚያ ገጾች አንዳንዴ ይሳሳታሉ» አልኩ። «ወንበር ላይ የነበረውን የገባ አድርገው የሚጽፉበት ጊዜ አለ።»

ልብ በሉ፤ ይህ መልስ ሐሰት አይደለም። አንዳንዴ ይሳሳታሉ። የሚጽፉበት ጊዜ አለ። እያንዳንዱ ቃል በማስረጃ የሚቆም ነው። ውሸትን ከእውነት ብቻ መሥራት የሚችለው ባለሙያ ነው፤ እኔ ሃያ ዓመት የሠለጠንኩት ለዚህ ኖሯል። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ይኸው ነው። ተንቀጥቅጦ ቢሆን ትርሲት ትሰማው ነበር።

«በቃ» አሉ ጋሽ ወንድይፍራው። «ይኼ ሰው ተሳስቶ አያውቅም። ልጄ ሊያስደስተኝ ብሎ ነው። አመሰግናለሁ፣ ጋዜጠኛው። እውነቱ ይሻላል።»

ከዚያ በኋላ ማክሰኞ አልደወሉም።

የሆነውን የሰማሁት በጥር ነው፤ በለቅሷቸው ላይ። በጥር መጀመሪያ ልባቸው ቆመ። ሌሊቱን ሳይነቁ ቀሩ። አሌክሳንድሪያ ቤታቸው ስሄድ ትርሲት አጠገቤ ተቀምጣ ነገረችኝ። በዚያ ማክሰኞ፣ ከእኔ ጋር ተነጋግረው እንዳበቁ፣ ጀርመን ደወሉ። ልጃቸውን «ዓመቱን ሙሉ ወንበር ላይ መቀመጥህ አላሳፈረኝም፤ መዋሸትህ ግን አሳፈረኝ» አሉት። ዮናስ ማለ። «አላምንህም» አሉት። ቪዲዮው አለህ አይደል፣ ለእኔ ላከው ብላ ትርሲት ለመነችው። «ለአባቴ ማስረጃ አላቀርብም» አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባትና ልጅ አልተደዋወሉም። ስምንት ወር ሙሉ።

ዮናስ ለቀብሩ መጥቶ ነበር። ረጅም ነው፤ አማርኛው ጥቂት ነው። ሳሎኑ ውስጥ ስልኩን አውጥቶ ለእህቱ ቪዲዮውን አሳያት። ከእሷ እጅ ወደ ቀጣዩ ለቀስተኛ አለፈ፤ ከእሱ ወደ ቀጣዩ፤ እየዞረ እኔ ዘንድ ደረሰ። አየሁት። መስመሩ ዳር ቆሞ ካልሲውን ሲያነሳ፣ ሲያማትብ፣ ሲገባ። «ጎበዝ» አልኩና ስልኩን ለአጠገቤ አሳለፍኩት። ትክክለኛው ቃል ይኼ ነው፤ ጎበዝ አልኩ።

ዮናስ እጁን ዘረጋልኝ። «አንተ ሬዲዮው?» አለኝ። «አባቴ አንተን በጣም ያምን ነበር።» ክፋት አልነበረውም። ክፋት ቢኖረው እንዴት ደስ ባለኝ።

ትርሲትም፣ «አንተም ተሳስተህ ኖሯል ማለት ነው» አለችኝ።

«ተሳስቼ ነበር» አልኳት።

«ምን ታደርጋለህ፣ ሰው ነህ» አለችና ትከሻዬን ነካች። አባቷን የቀበረች ሴት አጽናናችኝ። እኔም ተጽናናሁ። ምሳ ቀረበ፤ በላሁ።

ከዚያ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ኖርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ዜና አነበብኩ። አልተሳሳትኩም።

ባለፈው ሳምንት ዳኒ ካፌው ውስጥ ከሩቅ ጮኸ፦ «ጋዜጠኛው! ዘጠነኛህ ዘንድሮ አሥረኛ ሆኖ ጨረሰ! ለቅሶ እንቀመጥለት ወይስ እንለፈው?» ሰዉ ሳቀ። ዳኒ ምንም አያውቅም፤ እንደ ሁልጊዜው ነው የቀለደው። እኔ ግን ጽዋው ሞላብኝ። ተነሥቼ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ፣ የቤልትዌዩን ቀለበት መንገድ ይዤ፣ ድልድዩን ተሻግሬ አሌክሳንድሪያ ሄድኩ። ትርሲት በሩን የከፈተችው የሆስፒታል የሥራ ልብሷን ሳታወልቅ ነው።

ሳልቀመጥ ነገርኳት። «ያኔ ማክሰኞ ስትደውሉልኝ፣ መግባቱን አውቅ ነበር።»

«ምን ማለት ነው?»

«ሰኞ አጣርቼ ነበር።»

«ዌይት። ተሳስቼ ነው ብለኸኝ ነበር እኮ። እዚሁ ሳሎን ውስጥ። እኔ ደግሞ ሰው ነህ ብዬህ ነበር!»

«ብለሽኛል።»

«ዝም ብለህ ተቀበልክ?»

«ተቀበልኩ።»

«ለምን?»

ምን ልበላት? ስሜ አሳስቦኝ አልኳት። አንድ ዓረፍተ ነገር አምሮኝ ነበር አልኳት። ሁለቱም እውነት ነው። ሁለቱንም ስናገር ምን ያህል ትንሽ እንደሆኑ ራሴ ሰማሁት።

«ድምፅህ እንኳን አይለወጥም!» ጮኸችብኝ። «አሁንም ዜና የምታነብ ነው የምትመስለው! እኔን ደግሞ፣ ስልኬ ላይ በዓይኔ ያየሁትን አስካድከኝ። አባቢ ስምንት ወር ስልኩን ይዞ ሲቀመጥ እኔ ምን እንዳልኩት ታውቃለህ? 'ተወው፣ ሲበስል ይደውላል' አልኩት። ወንድሜን ጥሬ አደረግከብኝ።»

የመኪናዬን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ለእኔ ሶሪ እንዳትለኝ። ዮናስን ኮል አድርገው። አሁን። እዚህ ፊቴ።»

ደወልኩ። በእንግሊዝኛ ነገርኩት፤ ቅዳሜን፣ ሰኞን፣ ማክሰኞን፣ ለቅሶውን። ሳያቋርጠኝ ሰማ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ ለማረጋገጥ ያህል፣ እኔ ሰው እንደምጠይቀው ዓይነት። «አባቴ ውሸታም መሆኔን አምኖ ሞተ። ልክ ነኝ?»

«ልክ ነህ» አልኩት።

ስልኩን ዘጋው።

ትናንት ቅዳሜ በሬዲዮ እርማት አነበብኩ። ተሳስቼ ነበር አላልኩም፤ አውቄ ዋሽቻለሁ አልኩ፣ የዋሸሁትን ሰው ስም ጠርቼ። ሠላሳ አራት ጨዋታ፣ ዘጠኝ ደቂቃና ጭማሪው። የፕሮግራሙ አዘጋጅ መስታወቱ ማዶ ቆሞ እጁን ራሱ ላይ አድርጎ ነበር። ስወጣ ሁለት ሰዎች ደውለው ይህን ያህል ትንሽ ነገር ለምን ታካብዳለህ አሉኝ። ደግመው እንዳይደውሉልኝ ነገርኳቸው። የዘጠኝ ደቂቃን ትንሽነት ለእኔ የሚነግረኝ ሰው አልፈልግም፤ በዚያ ትንሽነት ውስጥ ነው ስምንት ወር የደበቅሁት፣ ከዚያም ሌላ ዓመት ከመንፈቅ።

ከእናንተ ይቅርታ አልጠይቅም። ይቅር የማለት መብት ያላቸው ሰው ፌርፋክስ ተቀብረዋል። ይህን የጻፍኩት መዝገቡ ላይ የሰፈረው እንዲስተካከል ነው፤ ስለዚህ ከማስረከቤ በፊት ሰዓቶቹን አጣራሁ። ጨዋታውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተቀምጬ አየሁት። ዮናስ ኳስ አምስት ጊዜ ነክቷል፤ አራቱን በትክክል አቀብሏል። ትርሲት የአባቷን ስልክ አልጣለችውም። ቻርጅ አድርጋ፣ የዚያን ቅዳሜ የጥሪ ዝርዝር ከፍታ፣ ጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋችው።

ጨዋታው ያለቀው በእኛ አምስት ሰዓት ከሃያ ሁለት ላይ ነው። ዮናስ ለአባቱ የደወለው አምስት ሰዓት ከአርባ አንድ ላይ ነው፤ ስድስት ደቂቃ ተነጋግረዋል። አምስት ሰዓት ከአርባ ስምንት ላይ፣ እኔ ዘገባውን ከማንበቤ በፊት፣ ጋሽ ወንድይፍራው ወደ እኔ ቁጥር ደውለዋል። አልተነሳም። አምስት ሰዓት ከአርባ ዘጠኝ ላይ ደግመው ደውለዋል።